ረጅሙ ይቅደም

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

አዲሱን ሥራ ተረከብኩ። ተረከብኩ ማለት… የቢሯችን ነባር ፕሮግራመር ጋሽ መነጽር ስክሪኑን ወደ እኔ አዞሩና "ይኸው እንግዲህ" አሉኝ። ይኸው ምን? አንድ መስመር እንኳን አልገባኝም። እንደገባው ሰው አንገቴን ነቀነቅኩ።

ሲነገር ቀላል ነው። ትልቁ የልብስ ማጠቢያ ድርጅት ከሆቴልና ከክሊኒክ በስልክ መልእክት ትእዛዝ ይቀበላል። "አንሶላ ሃያ ይታጠብ።" "ሸሚዝ አምስት ይታጠብ ይተኮስ።" "መጋረጃው ይቅር።" እስካሁን መልእክቱን እያነበቡ ለማሽኖቹ የሚያስገቡት እትዬ ካውያ ነበሩ፣ የማጠቢያው ኃላፊ። ከእንግዲህ ፕሮግራም ያንብበው ተባለ። እኔ የምጽፈው ፓርሰሩን ነው፤ ጽሑፉን ተቀብሎ የቱ ዕቃ፣ የቱ ቁጥር፣ የቱ ትእዛዝ እንደሆነ የሚለየውን። እስከዚህ ድረስ ደህና።

ጉዱ ቋንቋው ነው። ጋሽ መነጽር ድሮ የማሽኖቹን መቆጣጠሪያ የጻፉበት የቁልል ቋንቋ። ሁሉ ነገር ይቆለላል። ሦስትን ታስቀምጫለሽ፣ አራትን ከላዩ፣ ከዚያ "ደምር" ስትዪ ሁለቱንም አንስቶ ሰባትን ያስቀምጣል። ልክ እንደታጠበ ሳህን፣ መጨረሻ የተቀመጠው መጀመሪያ ይነሳል። ለትእዛዞቹም ስም ያወጡላቸው ራሳቸው ናቸው… አባዛ፣ ለዋውጥ፣ ጣል። ቅንፍ የለ፣ እኩል ይሆናል የለ። ምኑን ልያዝ?

ሳቁብኝ። "አፍሽን የፈታሽበት አይደለም እንዴ? 'ውሃ አምጪ' እንላለን እንጂ 'አምጪ ውሃ' እንላለን? ዕቃው ይቀድማል፣ ግሡ ኋላ ይመጣል። አለቀ።"

ለእሳቸው አልቋል። ለእኔ መች ተጀመረና።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ቁልሉ ባዶ ነው። ቁልሉ ባዶ ነው። ቁልሉ ባዶ ነው… ስክሪኑ ቀኑን ሙሉ ያለኝ ይህንኑ ነው። የሌለ ነገር ደምር ብዬው ነው አሉ ጋሽ መነጽር። ታዲያ ያስቀመጥኩት የት ሄደ?


ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ቤትም ያው ነው። አባዬ ነሐሴ ላይ ስትሮክ መትቶት ከወደቀ ወዲህ ቀኝ እጁና አፉ አልታዘዝ ብለውታል። እጁ ትንሽ ትንሽ እየመጣለት ነው። አፉ ግን… ዕቃ ይጠራል፣ ይጠራና ይቆማል። "መስኮት…" ይላል። መስኮቱ ምን? ይከፈት? ይዘጋ? ይሰበር? ዓይኑን እያየን እንገምታለን። ዕድሜ ልኩን ግንበኛ ሆኖ፣ ከሦስተኛ ፎቅ ሆኖ ሲጮህ ሰፈሩ ሁሉ የሚሰማው ሰው እኮ ነው።

ከዕቃ ስም ሌላ ጥርት ብላ የምትወጣለት አንዲት ቃል ናት። "ይቅር።"

እማዬ እሷን ስትሰማ ደስ ይላታል። ቢያንስ ይህቺ ትገባናለቻ። "ይቅር ካለ ይቅር" ትልና ያለውን ታነሳለች። ዛሬ ሾርባውን በሦስተኛ ማንኪያ ላይ አነሳችው። አባዬ በቁጣ አያት። ሾርባው ካስጠላው ለምን ይቆጣል?


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ወንድሜ ደወለ። ለእኔ ሳይሆን ለእማዬ ነው የሚደውለው፣ እሷ ገበያ ሄዳ ስለነበር አነሳሁት።

"ትንሿ፣ እንዴት ነው?" አለ። "እሱ" እንኳን አላለም። እንዴት ነው ብቻ።

አለ፣ ይበላል፣ ይተኛል አልኩት። በወሩ መጨረሻ ባሕር ማዶ ሊሄድ ነው። የሕንፃ ሥራ፣ የሁለት ዓመት ኮንትራት ፈርሟል። ኋላ "ልምጣ?" አለኝ። ይህን ሲለኝ አባዬን ካየ ስድስት ዓመቱ ነው። የግድግዳው ነገር ከተፈጠረ ወዲህ ማለት ነው።

የግድግዳው ነገር እኛ ቤት እንደዚህ ነው የሚጠራው፣ ማንም አያብራራውም። እኔ ያን ጊዜ ትምህርት ላይ ነበርኩ። አባዬና ወንድሜ አብረው የሠሩት የአንድ ሰውዬ አጥር ግድግዳ ተደረመሰ። ሰው አልተጎዳም። ሰውዬው ሲጮህ፣ ሠራተኛው፣ ጎረቤቱ፣ መንገደኛው ሁሉ ባለበት አባዬ "ልጄ ነው የሠራው፣ እጁ ገና ነው" አለ። ወንድሜ መልስ አልሰጠም። በነጋታው ልብሱን በከረጢት ይዞ ወጣ።

ጠይቄልህ ልደውል አልኩት።


እሑድ፣ ጥቅምት 9

ጠየቅኩት። እማዬ አጠገቤ ነበረች። "አባዬ፣ ወንድሜ ሊመጣ ይፈልጋል። ይምጣ?"

ረጅም ጊዜ አየኝ። አፉ ተንቀሳቀሰ፣ ተወ፣ እንደገና ተንቀሳቀሰ። "ወንድምሽ…" አለ። "ወንድምሽ… ይቅር…"

እማዬ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። "በቃ። ሰማሽ አይደል?"

"አባዬ፣ አይምጣ ነው የምትለው?"

"ይቅር…" አለ። ግራ እጁን አልጋው ላይ መታ፣ መታ፣ መታ።

እንዲህ የሚቆጣው ገና ስሙ ሲነሳ ነው? ስድስት ዓመት ሙሉ አልበረደለትም? አላመንኩም። ግን ጆሮዬ ነው የሰማው፣ የእማዬም ጆሮ ነው።

ሳይመሽ ደወልኩለት። "ባትመጣ ይሻላል፣ አልተሻለውም፣ ይበሳጫል…" ምናምን አልኩ። አለሳለስኩት። ወንድሜ ግን አቋረጠኝ።

"ምን አለ? ራሱ ያለውን ንገሪኝ።"

"ወንድምሽ ይቅር።"

"እሺ" አለ። ስልኩን ቀስ ብሎ ነው የዘጋው፣ ቢደረግምብኝ ይሻለኝ ነበር።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ዛሬ ጋሽ መነጽር የሰዋስው መሣሪያቸውን አሳዩኝ። እስካሁን ፊደል በፊደል ስቆፍር ለከረምኩት ለእኔ ገነት ነው። ደንቡን ትጽፊያለሽ፣ ፓርሰሩን መሣሪያው ራሱ ይሠራልሻል። "ትእዛዝ ማለት ዕቃ፣ ከዚያ ቁጥር፣ ከዚያ ግሥ ነው።" "ግሥ ማለት ይታጠብ ወይም ይተኮስ ወይም ይቅር ነው።" እንደዚህ በሰው አማርኛ።

"ይቅር" የሚለው ደንብ ሲገጥም ከመልእክቱ በፊት የነበረውን የዚያን ደንበኛ ትእዛዝ እንዲሰርዝ አደረግኩ። ፓርሰሩ ሥራውን ሲጨርስ ሁለት ነገር ቁልሉ ላይ ያስቀምጣል። ከታች ያነበበውን፣ ከላይ ያላነበበውን። ያላነበበውን "ቀሪ" ይሉታል። ቀሪው ብዙውን ጊዜ ባዶ ነው ወይም ነጥብ ነው፣ ስለዚህ "ጣል" ብዬ ወደሚቀጥለው አለፍኩ።

የሚገርመው፣ ሠራ! ለምን እንደሠራ አላውቅም እንጂ ሠራ።


ዓርብ፣ ጥቅምት 14

የንግግር ሐኪሟ መጣች። ልጅ እግር ናት፣ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች። ካርድ ታሳየዋለች፤ በሬ፣ ወንበር፣ ቁልፍ። ሁሉንም ጠራ ማለት ይቻላል። ከዚያ አንድ ሰው ሲሮጥ የሚያሳይ ሥዕል አወጣች። "ሰው…" አለ አባዬ። "ሰው…" ላቡ መጣ። ሰውዬው ሳይሮጥ ቀረ።

"ዕቃ የሚጠሩበት ደህና ነው፣ ግሡ ነው የሚጠፋባቸው" አለችን በሩ ላይ። "በኛ አነጋገር ደግሞ ግሡ መጨረሻ ስለሆነ ዓረፍተ ነገሩ ሁልጊዜ ሳይዘጋ ይቀራል። አትቅደሟቸው። ጨርሳችሁ አትመልሱላቸው።"

"ይቅር የምትለዋንስ?" አለች እማዬ። "ያቺን እንኳን አጥርቶ ነው የሚላት።"

ሐኪሟ ለጫማዋ ጎንበስ አለች። "አንዳንድ ቃል አፍ ውስጥ ይጣበቃል" አለችና ጫማዋን አሰረች። ይጣበቃል ማለት ምን ማለት ነው? ከኋላዋ ልጠይቃት አስቤ አፈርኩ። እሷም ተቻኩላ ነበር።

እማዬ ሬዲዮኑን አነሳችው። ይቅር ብሏል ብላ።


ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ፕሮግራሙ ሥራ ጀመረ። እትዬ ካውያ ደውለው "ይኼ ነገርሽ ከኔ ፈጥኖ ያነባል፣ አሁን እኔን ጡረታ ልታወጪኝ ነው?" አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ግማሹ ቀልድ ነው። ግማሹን አላወቅኩትም።

ሥራ አስኪያጁ ኬክ አስመጣ። ጋሽ መነጽር ከኬኩ ላይ ክሬሙን በማንኪያ እየገፈፉ "የተረፈውን ጽሑፍ ምን አደረግሽው?" አሉኝ። ሰው መሃል ገባና ሳልመልስላቸው ቀረሁ። የምን የተረፈ?


ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

እቤት ውስጥ ምን እንደቀረን ዙሪያዬን አየሁ። ሾርባ የለም፣ ሬዲዮ የለም፣ መስኮቱ አጠገብ የነበረው ወንበር የለም፣ የጎረቤቷ የማክሰኞ ጉብኝት የለም። ሁሉንም "ይቅር" አለ ብለን አስቀርተነዋል። አባዬ ከስቷል። አልጋ፣ ግድግዳ፣ አባዬ። እንደዚህ ሁሉንም የጠላ ሰው ይኖራል? ወይስ እኛን ነው የጠላው?

አልገባኝም። እማዬ ጋ ላነሳው ብዬ ፊቷን ሳይ ተውኩት። ደክሟታል።

ሁለተኛ አለመግባት፦ ቢሮ አዲስ ደንብ ጻፍኩ፣ "ይታጠብና በእጅ ይጨመቅ" የሚል፣ ለክሊኒኩ ብርድ ልብስ። ከ"ይታጠብ" ሥር አስቀመጥኩት። አንድ ጊዜ እንኳን ተራ አልደረሰውም። ደንቡ አለ፣ መልእክቱ አለ፣ አይገናኙም። ለምን? ብርድ ልብሱ በማሽን ተጨምቆ ጠብቦ መጣ። ለጊዜው እትዬ ካውያ ራሳቸው ይዩት አልኩና አለፍኩት።


ዓርብ፣ ጥቅምት 21

የዛሬውን… ከየት ልጀምር።

ጠዋት ስልክ። እትዬ ካውያ። ሰላምታ የለም።

"አንቺ ልጅ፣ ሆቴሉ አንሶላ የለውም!"

"የትኛው ሆቴል?"

"ትልቁ ነዋ! እንግዳ ሞልቶታል፣ ፍራሹ ራቁቱን ነው። መቶ ምናምን አንሶላ እዚህ ቆሽሾ ተቆልሏል። ፕሮግራምሽ ሰርዞታል። ትእዛዙን ማን ሰረዘው ብዬ ሳይ 'ይቅር' ይላል። ሰውዬው ይቅር አላልኩም ብሎ ይምላል!"

መልእክቱን አወጣሁት። እንዲህ ይላል፦ "ስለ ትናንቱ መዘግየት ይቅር በሉን። አንሶላው በሙሉ ዛሬውኑ ይታጠብ።"

ሰውዬው ይቅርታ ጠይቋል፣ ፕሮግራሜ አንሶላውን አስቀርቶበታል። መጀመሪያ የመጣልኝ ሳቅ ነው። ቀጥሎ ደንቦቼን ከፍቼ አየሁ። ግን ለምን? "ይቅር በሉን" የሚል ደንብ እኮ ጽፌያለሁ! ሰው ይቅርታ ሊጠይቅ ይችላል ብዬ ራሴ አስቤ፣ ዝም ብለህ እለፈው የሚል ደንብ ከ"ይቅር" ቀጥሎ አስቀምጫለሁ። አለ። እዚያው ነው ያለው።

ጋሽ መነጽር መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አዩት። ወዲያው ነው ያገኙት።

"'ይቅር ወይም ይቅር በሉን' ብለሻል።"

"አዎ።"

"ይሄ መሣሪያ 'ወይም' ስትዪው እንደ ሰው አያመዛዝንም። ከላይ ይጀምራል፣ መጀመሪያ የገጠመውን ይዞ ይሄዳል። 'ይቅር' የምትለዋ 'ይቅር በሉን' ውስጥም አለች አይደል? አጭሯ ቀድማ ገጠመች፣ ረጅሙ ተራ አልደረሰውም። ሁልጊዜ ረጅሙ ይቅደም።"

ብርድ ልብሱም በዚሁ ነው ለካ።

"ቆይ" አሉ። "ታዲያ 'በሉን' የሚለው፣ 'አንሶላው' የሚለው፣ ይሄ ሁሉ ቀሪ ሆኖ ተመልሶልሻል እኮ። ቀሪውን የት አደረግሽው?"

"ጣልኩት።"

"ሳታዪው?"

"ይቅር ካለ… ሌላ ምን ይኖራል ብዬ…"

አልጨረስኩትም። አፌ ውስጥ የነበረው የራሴ ቃል አልነበረም። ይቅር ካለ ይቅር። የእማዬ ነው። ሾርባ ይዛ እየወጣች የምትለው።

ወንድምሽ… ይቅር…

ጋሽ መነጽር "ልጄ፣ አመመሽ እንዴ?" አሉኝ። ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። ደንቡንም ሳላስተካክል፣ ሆቴሉንም አንሶላውንም ትቼ።


ያው ዓርብ፣ ማምሻውን

ቤት ስገባ እማዬ ድንች እየላጠች ነበር። እጇን ይዤ ወደ አባዬ ክፍል አስገባኋት። "ቁጭ በይ። ምንም አትናገሪ፣ እባክሽ። ምንም እንዳታነሺ።"

"አብደሻል?"

"አባዬ፣ ወንድሜ ይምጣ ወይ ብዬህ ነበር። ምን ነበር ያልከኝ?"

አየኝ። አየኝ። "ወንድምሽ…"

ዝም አልኩ።

"ወንድምሽ… ይቅር…"

እማዬ አፏን ልትከፍት ስትል ጉልበቷን ያዝኩት። ዝም አልን። እኛ ቤት ከዚህ ቃል በኋላ ዝም ተብሎ አያውቅም፣ ሁልጊዜ አንዳችን "እሺ" ብለን እንነሳ ነበር። አባዬ ራሱ ግራ የገባው መሰለኝ። መሄዳችንን ይጠብቃል፣ አንሄድም። አፉ እንደገና መንቀሳቀስ ጀመረ።

"ይቅር… ይ… ይ…"

የአንገቱ ሥር ተገተረ። ልረዳው ፈልጌ ምላሴን ነከስኩት።

"ይ… በ…"

ጠፋበት። ዓይኑ ሞላ። ከዚያ ግራ እጁን አነሳ። አልጋውን ሊመታ ነው ብዬ ነበር። የራሱን ደረት መታ። አንዴ፣ ሁለቴ። እኔ፣ እኔ፣ እንደማለት።

ቀድማ የገባት እማዬ ናት። ድንች በያዘው እጇ አፏን ሸፈነች።

"ይበለኝ" አለች። "ይቅር ይበለኝ ነው? ወንድምሽ ይቅር ይበለኝ ነው የምትለው?"

አባዬ ዓይኑን ጨፈነ። አንገቱን አንድ ጊዜ ዝቅ አደረገ። እንባው ወደ ጆሮው ወረደ፣ እማዬ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችለት፣ ከዚያ ተነስታ ወጥ ቤት ሄዳ ለብቻዋ ቆመች። ሄጄ አላቀፍኳትም። ማቀፍ ነበረብኝ?

አይምጣ ብዬ ነገርኩት እኮ። በገዛ አፌ።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ወንድሜ አያነሳም። አያነሳም። አያነሳም።

ቢሮ ገብቼ ደንቡን ገለበጥኩ። ረጅሙን ከላይ፣ አጭሩን ከታች። ቀሪው ባዶ ካልሆነ ደግሞ ፕሮግራሙ ቆሞ ሰው እንዲጠራ አደረግኩ። ያን ሁሉ ቀን የፈጀሁበት ነገር ሁለት መስመር ማቀያየር ነበር። ጋሽ መነጽር አዩትና "ደህና። ግን ተጠንቀቂ" አሉ። "ረጅሙን ስታስቀድሚ ያልተጻፈውን እንዳታነቢ። ሰው ሲጓጓ እንደዚያ ያደርጋል።"

ስለ ፕሮግራሙ ነው ያወሩት። ስለ ቤታችን ምንም አያውቁም። እኔ ግን ሰላም አጣሁ። አባዬ ደረቱን ነው የመታው። "ይበለኝ" ያለችው እማዬ ናት። የጓጓነው እኛ ብንሆንስ? ምናልባት ደረቱን አሞት ይሆን?


እሑድ፣ ጥቅምት 23

አነሳ።

ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት፣ አንሶላውን፣ ሆቴሉን፣ ደንቡን፣ አጭሩን፣ ረጅሙን። ሳስበው እብድ ነው የምመስለው። አላቋረጠኝም። ስጨርስ እንዲህ አለ፦

"ትንሿ፣ ይቅር ይበለኝ ያለው እሱ ነው ወይስ እናንተ?"

የፈራሁት ጥያቄ። "አላውቅም" አልኩት። ሌላ ምን ልበል? "አላውቅም፣ ግን አይምጣ አላለም። ይህን ያህል አውቃለሁ። አይምጣ ያልንህ እኛ ነን።"

"ስጪው።"

ስልኩን አባዬ ጆሮ ላይ ያዝኩለት። ወንድሜ ምን እንዳለው አልሰማሁም፣ ምናልባትም ምንም አላለውም። አባዬ መተንፈስ ጀመረ፣ ደረጃ እንደወጣ ሰው። "ይቅር…" አለ። "ይቅር…" ከዚያ ትንፋሽ ብቻ። ትንፋሽ። ግራ እጁ ደረቱ ላይ ነው፣ ወንድሜ ግን ያንን በስልክ አያየውም! ደረቱን ይዟል ብዬ ልጮህ ነበር።

መስመሩ ተቋረጠ። ዘጋው? ኔትወርክ ነው? መልሼ ስደውል ጥሪ አይቀበልም አለኝ።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

ምንም።

እማዬ ሬዲዮኑን መለሰችው፣ ወንበሩንም። አባዬ ሾርባ ሲጠጣ "ይቅር" ካለ ዝም ብላ ማንኪያውን ይዛ ትጠብቃለች። ብዙ ጊዜ አፉን ይከፍታል። ለካ ርቦት ነበር። ይሄ ሁሉ ሳምንት ርቦት ነበር።

ሆቴሉ ዛሬም ይቅርታ ጠየቀ፣ ስለ ጮኸብን። ፕሮግራሙ በትክክል አነበበው።


ዓርብ፣ ጥቅምት 28

ከቢሮ ስመለስ በራችን ላይ ሲሚንቶ የነካው ጫማ አየሁ።

አልደወለም፣ አልተናገረም፣ መጣ። ወፍሯል። ፀጉሩ ከፊት ሸሽቷል። እማዬ ግራ ገብቷት አንዴ ውሃ፣ አንዴ ፎጣ፣ አንዴ ባዶ ሳህን ታመጣለታለች። እሱ አባዬ አልጋ አጠገብ፣ ያቺው የመስኮት ወንበር ላይ ተቀምጧል። አባዬ እጁን እያየ ነበር፣ የወንድሜን እጅ። የግንበኛ እጅ ሆኗል፣ ጥፍሩ የተሰነጠቀ።

በሩ ላይ ቆምኩ። ልግባ? ልውጣ?

"ግድግዳ…" አለ አባዬ።

ወንድሜ ቀና አለ።

"ግድግዳ…" አባዬ ፊቱ ቀላ። ሁላችንም ጠበቅን። ግሥ የለም። ግሡ አልመጣም። ሲያቅተው ዞሮ በሌላ በኩል ሄደ። "ግድግዳ… እኔ።"

እማዬ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። እሷም አታውቅም ነበር ማለት ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ የልጇ እጅ ነው ብላ ስታምን ነበር። እኔም።

"አውቃለሁ፣ አባዬ" አለ ወንድሜ። "ያኔም አውቅ ነበር።"

ከዚያ ወንድሜ ምላጭና ሳሙና ጠየቀ። የአባዬን ጢም ላጨው፣ አገጩን በሁለት ጣቱ ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ ቀስ እያለ። እኛ ስንላጨው ሁሌ ይቆጣል። ዛሬ ጉንጩን ራሱ ነፍቶ ሰጠው።


ሰኞ፣ ኅዳር 1

ወንድሜ ሄደ። ኮንትራቱን ማፍረስ አይችልም፣ ፈርሟል። ሁለት ዓመት። አባዬ ሁለት ዓመት ይቆያል ወይ ብሎ ማንም አልጠየቀም፣ ሁላችንም ግን አስበነዋል። እኔ ሐኪሟን ብቻዋን አግኝቼ ጠይቄያት ነበር። መልሷን እዚህ አልጽፈውም።

ጠዋት ቁርስ በላን፣ አራታችንም፣ አባዬ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ አስገብተን። ወንድሜ ከረጢቱን ትከሻው ላይ አደረገ። አጎንብሶ አባዬን ሳመው። አባዬ ኮሌታውን በግራ እጁ ያዘው፣ አለቀቀውም። አፉ መንቀሳቀስ ጀመረ። ወንድሜ እንዳጎነበሰ ቀረ። ቸኩሎ ነበር፣ መኪናው ውጭ ጥሩምባ እየነፋ ነው። ግን አልቀደመውም። ማንም አልቀደመውም።

"ትመጣለህ" አለ አባዬ።

አንድ ቃል። ሙሉ። ከ"ይቅር" በቀር ከነሐሴ ወዲህ የመጀመሪያ ግሡ። ጥያቄ ይሁን፣ ትእዛዝ ይሁን፣ ልመና ይሁን… ድምፁ ደካማ ስለሆነ መጨረሻው ወደ ላይ ይሂድ ወደ ታች አልለየሁም። እማዬንም ጠየቅኳት፣ እሷም አልለየችም።

ወንድሜ ግን መልሶለታል። "እመጣለሁ" ብሎታል።